የአባዬ ሩብ እንጀራ

ጥር 20፣ ረቡዕ

እንጀራ ያልተበላበት ምሳ ምሳ ይባላል እንዴ?

እማዬ ናት የጠየቀችኝ፤ የምስር ድስቱን ከምድጃው እያወረደች፣ ፊቷን ሳታዞር። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን ስጠይቀው የኖርኩት ጥያቄ ነው። በሥነ ምግብ ተመርቄ፣ ጋውን ለብሼ፣ አበባ ይዤ ፎቶ የተነሳሁ ቀን የበላሁት ምሳ ሁለት ሙሉ እንጀራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ ስኳር አለበት። ከታወቀ ዓመት አልፎታል። ክኒኑን በሰዓቱ ይውጣል፤ ሌላውን ሁሉ እንደ ድሮው ያደርጋል። ሰሞኑን የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየውን ምርመራ አደረገና ዘጠኝ ነጥብ አራት መጣ። ሐኪሙ "ከፋሲካ በኋላ እንደገና እናየዋለን። ካልወረደ ኢንሱሊን እንጀምራለን" አለው። የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ስንደርስ አባዬ ቆም ብሎ፣

"መርፌ የሚወጋ ሾፌርን ማን አምኖ ይሳፈርለታል?" አለ።

አባዬ የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ይነዳል። ጠዋት ከዚህ ከለሚ ኩራ ሠራተኞቹን እየለቀመ በጉርድ ሾላ በኩል ይወስዳቸዋል፣ ማታ ይመልሳቸዋል። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ መሪ ይዞ ነው የኖረው። እሸቴ ሲባል ሰፈሩ የሚያውቀው በመኪናው ነው። ስኳር እንዳለበት ግን ከተሳፋሪዎቹ አንድም ሰው አያውቅም።

ወሰንኩ። እስከ ፋሲካ እኔ አወርደዋለሁ።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ፕሮግራም ሳወጣ ዋልኩ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት የሦስት ወር የሎው ካርብ፣ ማለትም እህል የሚቀንስ፣ ፕሮግራም ነው። ጠዋት እንቁላል በአቮካዶ፣ ምሳ ሥጋ በሰላጣ፣ ማታ ዓሣ ወይም አይብ በጎመን። እንጀራ የለም። ዳቦ የለም። ድንች፣ ሩዝ፣ ፓስታ የለም። ቆሎና በሶ እንኳ የለም።

ማራናታ ወደደችው። ማራናታ አለቃዬ ናት፤ ቦሌ ያለው የክብደት መቀነሻ ማእከል የእሷ ነው፣ እኔ እዚያ ለሙከራ ገብቻለሁ። "እህል ማለት ልብስ ቀይሮ የመጣ ስኳር ነው" ትላለች ለመጣው ደንበኛ ሁሉ። አባባሉን ስለምወደው እኔም ማለት ጀምሬያለሁ።

"የአባትሽን ነገር በደንብ ያዢው" አለችኝ። "ከፋሲካ በኋላ ለደንበኞቻችን ታቀርቢዋለሽ። ያኔ ስለ ቋሚነትሽ እናወራለን።"

እኔ የጀመርኩት ለአባዬ ብዬ ነው። ይህን እዚህ መጻፍ ለምን እንዳስፈለገኝ አላውቅም።

ጥር 28፣ ሐሙስ

የነነዌ ጾም ትናንት አለቀች። ሦስት ቀን ስለሆነች በጎመንና በአቮካዶ አለፍናት። ዛሬ ፕሮግራሙ በደንብ ተጀመረ።

ለአባዬ ለብቻው በሳህን አቀረብኩለት፤ ጥብስና ሰላጣ። እኔና እማዬ እንደ ወትሮው በትሪ። አባዬ ሳህኑን አየው፣ ትሪውን አየው።

"እንግዳ ሆኜ ነው ወይስ ተጣልተን ነው?"

"እንድንለካው ብዬ ነው አባዬ። ትሪ ላይ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም።"

"ትሪ የተሠራው እንዳይታወቅ እኮ ነው" አለ።

ግን በላ። ዜና ማየት ሲጀምር የእማዬ እጅ ቀስ ብሎ በሶፋው ጀርባ ሲሄድ አየሁት፤ ጉርሻ ይዟል። ደህና የተጠቀለለ፣ ወፍራም።

"እማዬ።"

"ምን? ጉርሻ አይቆጠርም።"

"ይቆጠራል።"

"ማን ቆጥሮት ያውቃል?" አለችና አጎረሰችው። አባዬ አፉ ሞልቶ እያየኝ ትከሻውን ሰበቀ። ከዛሬ ጀምሮ ጉርሻ ተከልክሏል። እናቴን ጉርሻ ከለከልኳት። ስጽፈው ይከብዳል፣ ግን ቆራጥ መሆን አለብኝ።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል።

ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ የእኔ ፕሮግራም እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣና አይብ ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ የምጾም ልጅ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ የሚሄድ የምግብ ፕሮግራም አውጥቼ ሁዳዴን ረሳሁት። ነነዌ በር አንኳኩታ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ አልሰማሁም። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው በየትኛውም አገር ይኑር ጾም አያውቅም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። እማዬ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

"ታዲያ ጎመን ሲበላ ሊከርም ነው?"

አባዬን ለመንኩት። የንስሐ አባታችንን ጠይቅ፣ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል አልኩት።

"አውቃለሁ፤ ይፈቅዱልኛል" አለ። "የማልጠይቃቸው ለዚህ ነው።"

የካቲት 9፣ ሰኞ

ጎመን። አቮካዶ። ተልባ። ለውዝ። ሾላ ገበያ ዞሬ ዞሬ እንጉዳይ አጣሁ። ማራናታን ስለ ሽሮ ጠየቅኳት፣ "ሽሮም ዱቄት ነው" ብላ ጻፈችልኝ። ሽሮም ከፕሮግራሙ ወጣ። አባዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ እንደሚውል ነገረኝ፤ በየዓመቱ እንደሚያደርገው። ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም፤ ያልተበላ አይጨምርም። ክኒኑን ጠዋት አልረሳም። እሱ ላይ ጎበዝ ነው።

የካቲት 16፣ ሰኞ

ቁጥሩ ወረደ። ጠዋት ጠዋት ሁለት መቶ ሲያልፍ የነበረው ዛሬ መቶ ስምንት። መለኪያውን ፎቶ አንስቼ ለማራናታ ላክሁላት፣ ልብ መለሰችልኝ፤ ቀይ፣ ትልቅ።

አባዬ ከሥራ ሲመለስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር። "ሙቀቱ" አለ። ውጭ ነፋስ ነበር። የቤቱን ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ለማስገባት ቆየ፤ ከውስጥ ሆኜ ሲንኳኳ እየሰማሁ ሄጄ ከፈትኩለት። ከዚያ እማዬን በሪሞቱ ምክንያት ተቆጣት። አባዬ እማዬን ሲቆጣ ሰምቼ አላውቅም። እሷም እንዳልሰማች ሆና ወጡን አማሰለች።

ጾም ሰውን ያነጫንጫል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደዚህ ናቸው፣ ሰውነት እስኪለምድ። እንደዚያ ነው የሚባለው።

መቶ ስምንት።

የካቲት 22፣ እሑድ

እማዬ ልብስ ልታጥብ የአባዬን ጃኬት ኪስ ስትፈትሽ የከረሜላ ልጣጭ አወጣች። አንድ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። እፍኝ ሙሉ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ጠበቅኩት። ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ ነጠላውን ሳያወልቅ አያቸው።

"ከየት መጣ ይሄ?"

"ሰው ሰጠኝ።"

"ሰው ሲሰጥህ ሁሉ ትበላለህ አባዬ? እኔ ሽሮ እንኳ ከልክዬህ አንተ ከረሜላ?"

አንዱን ልጣጭ አንስቶ አጠፈው። "እሺ ልጄ። አይለመደኝም" አለ። እንደ ሕፃን። ይቅርታ ሲጠይቀኝ ጭራሽ ተናደድኩ። ስንት ቀን ነው ለእሱ ብዬ ከታክሲ ታክሲ የምሯሯጠው? ጾሙ ከገባ ወዲህ ለእሱ ብዬ ነው እኔም እንጀራ የተውኩት። (ማእከሉ ጎን ካለው ምግብ ቤት ሁለቴ በልቻለሁ። ያ ሌላ ነገር ነው፤ እኔ ስኳር የለብኝም።)

የማይገባኝ ነገር አለ። ይህን ሁሉ ከረሜላ የሚበላ ሰው ቁጥሩ እንዴት ወረደ? ነገ አስብበታለሁ።

የካቲት 25፣ ረቡዕ

ለማሰብ ጊዜ አጣሁ። ማራናታ የአቀራረቡን ስላይድ ጀምሪ አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፦

"ጤፍ እኮ ስኳር የለውም።"

"ጥቁሩ ነዋ። ነጩ ነው ያለው።"

"ታዲያ የኔ ባል ጥቁሩን አይደል ሦስት ሦስቱን የሚያነሳው።"

ዞሬ ላስተምራቸው አልኩ፣ ራሴን ያዝኩ፣ ስይዝ መውረጃዬን አለፍኩ።

አባዬ ከስቷል። ቀበቶውን በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳለት አየሁት። ስላይዱ ላይ ላስገባው አሰብኩ።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

ትናንት የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ፤ ካልሆነ ራሴን በሚመቸኝ በኩል እንደማስታውሰው አውቀዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ማእከሉ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ጠራ። የአባዬ ቁጥር ነው፣ ድምፁ ግን የሴት። "ብሩክታይት ነሽ? አትደንግጪ። አባትሽ ደህና ነው። ጉርድ ሾላ ነን፣ ከመንገዱ ዳር።"

ስደርስ ሰርቪሱ ፍሬቻ እያበራ ጥጉን ይዞ ቆሟል። ተሳፋሪ የለበትም። አባዬ መሪው ላይ ክንዱን አስደግፎ ተቀምጧል፣ ፊቱ እንደ አመድ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ደርቋል። አጠገቡ አንዲት ሻሽ የጠመጠሙ ሴትዮ የለስላሳ ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል።

"ሲቲ እባላለሁ" አሉኝ። "ሒሳብ ክፍል ነኝ። የፊት ወንበሩ የኔ ነው።"

መንገድ ላይ ዓይኑ ሲጨልምበት አባዬ ቀስ ብሎ ዳር ይዞ ነው ያቆመው፤ ማንም አልተነካም። እትዬ ሲቲ ለሠራተኞቹ "መኪናው ተበላሽቷል" ብለው በታክሲ ሸኝተዋቸዋል። ከዚያ ከሱቅ ለስላሳ ገዝተው አጠጡት። ረመዳን ነው፣ እሳቸው ራሳቸው ከሌሊት ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም።

"ከረሜላውን የምሰጠው እኔ ነኝ" አሉኝ ወደ ጎን ወሰድ አድርገውኝ። "ባለቤቴ ሐሩን፣ አላህ ይዘንለት፣ ስኳር ነበረበት። ያ ላብ ያ መንቀጥቀጥ አይጠፋኝም። ስኳሩ ሲወርድበት ነው፣ ሲወጣበት አይደለም። እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ቦርሳዬ ግን አይጾምም። አንድ ሁለት ጊዜ ሳልደርስለት ቀርቼ ቢሆን ኖሮ እኮ ልጄ..."

"ለምን አልነገሩኝም? ለምን ለቤቱ አልደወሉም?"

"ለመነኝ። 'ልጄ ፈተና ላይ ናት' አለኝ። 'ምን ፈተና?' ብለው 'ወረቀቱ እኔ ነኝ፤ እንድታልፍ ነው' አለኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ትክክል አልነበረም።"

እኔ ስሟገት የከረምኩት ከልጣጭ ጋር ነው።

ከዚያ ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ምን እንደምመግበው፣ ስንት ሰዓት ሳይበላ እንደሚውል፣ ክኒኑን መቼ እንደሚውጥ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። መለስኩ። እየመለስኩ ስሄድ ራሴን መስማት ጀመርኩ።

"ይህ ክኒን እህል እንደሚበላ ሰው አስቦ ነው የሚሠራው" አለ። "እህሉን አንስታችሁ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፉን ዘግቶ፣ ክኒኑ ምን ያገኛል? ያለችውን ያወርዳታል። ምግቡን መቀነሱ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ ለእኔ አለመንገራችሁ ነው። መድኃኒቱና ምግቡ ሳይተዋወቁ አንድ ቤት ገቡ።"

ክኒኑን ቀነሰለት። ሳይበላ መዋል ክልክል ነው አለ። ቁጥሩ እስኪረጋጋ ለሁለት ሳምንት መሪ አይነካም። አባዬ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሰምቷል። ሦስተኛውን ሲሰማ ጣቶቹን አየ።

መንገድ ላይ "አባዬ" አልኩት።

"አንቺ ምን አጠፋሽ?" አለኝ። ይህንንም ጨምሬ እጽፋለሁ፤ ማጥፋቴን እያወቀ እንደዚያ አለኝ።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

አባዬ ለስምሪት ኃላፊው ብቻ የሐኪም ወረቀቱን አስገባ። ለሌላው "የዓመት ፈቃድ ወጥቷል" ተብሏል። ጠዋት ሰርቪሱ ከታች ሲቆም በረንዳው ላይ ወጥቶ አየው። ተተኪው ልጅ ሲነሳ መኪናው ነጠረ።

"ነዳጅ ይረግጣል እንጂ አይጫንም" አለ። "ሲቲ ወገቧን ያማታል።"

መኪናው ከታጠፈ በኋላም ቆሞ ነበር።

ከእማዬ ጋር ሄደው የንስሐ አባታቸውን አነጋገሩ። ጾሙን ይጾማል፣ ጠዋት ግን ይበላል። ከዚያ ሲመለስ እንደተቀጣ ልጅ ነበር፤ ግን በላ።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ከዜሮ ጀመርኩ። ጥያቄው ተቀየረ። "እህልን እንዴት ላጥፋው" ሳይሆን "የትኛውን እህል፣ ስንቱን፣ ከምን ጋር፣ መቼ"። አራት ዓመት የተማርኩት ይህን ነበር እኮ፤ ከማእከሉ በፊት አውቀው ነበር።

ሾላ ገበያ ሄጄ ያልተፈተገ ገብስ ለቂንጬ አስከካሁ፣ አጃ ገዛሁ፣ ሽምብራና ባቄላ ገዛሁ። አባዬም አብሮኝ መጣ፤ ቤት ከመዋል ብሎ። ገብሱን በመዳፉ ዘግኖ አየው።

"ይቺ ትበቃኛለች?"

"ይቺ ትበቃሃለች።"

"ከጎመን ሁለት ሳምንት በኋላ ይቺ ድግስ ናት።"

መጋቢት 6፣ እሑድ

ከበላ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይተን እንለካለን። የማየውን እጽፋለሁ፤ የአባዬ ሰውነት ያለውን ብቻ፣ ለሌላ ሰው ላይሠራ ይችላል።

ነጭ ዳቦ ከሻይ ጋር፦ ይዘላል። የገብስ ቂንጬ በትንሽ ዘይት፣ ከባቄላ ጋር፦ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የአጃ ሾርባ ካልቀጠነ ደህና ነው። ድንች ትኩሱን ሲበላ አንድ ነገር፣ ተቀቅሎ ሲበርድ በሰላጣ ሌላ ነገር፤ ሁለቱም ግን ትንሽ ብቻ። ሽሮ ተመልሶ መጣ፤ ዱቄት ቢሆንም የሽምብራና የአተር ዱቄት ነው፣ ፍርፍር እስካልሆነ ድረስ አልከፋም። ጥቁር ጤፍ እንጀራ ሙሉው ያስወጣዋል። ሩቡ፣ መጀመሪያ ጎመኑና ምስሩ ከተበላ፣ አያስከፋም።

የታክሲዋ የጤፍ ሴትዮ ልክም ስሕተትም ናት። ሦስት ሦስቱን ማንሳቱ ነው ችግሩ።

"ሩብ" አለ አባዬ። "የሩብ እንጀራ ሰው ሆንኩ።"

"የሎው ካርብ ሰው ነህ አባዬ። እህሉ አልተባረረም፣ ድርሻው ነው የታወቀው።"

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ግን ትሪው። ሩቡን በሳህን ሳቀርብለት ዛሬም ሳህኑን አየው፣ ትሪውን አየው።

እንጀራ ትሪ ላይ ከተነጠፈና ወጥ ከፈሰሰበት የማንም ሩብ አይታወቅም፤ አባዬ ራሱ ያለው ነው። ሳህን ካቀረብኩ ደግሞ እንግዳ አደርገዋለሁ። ሌሊቱን አሰብኩበት።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

እንጀራው ትሪው ላይ አይነጠፍም።

እማዬ፦ "ወጡ ባዶ ብረት ላይ? ሰው ቢመጣ ምን ይለናል?"

"ባዶ አይደለም። ከሥሩ ሰላጣና ጎመን ይነጠፋል። ወጡ በላዩ። እንጀራው ለየሰዉ ታጥፎ ከፊቱ ይቀመጣል፤ ለሁላችንም ሩብ ሩብ። መጨመር የፈለገ ከመሶብ ያነሳል።"

"እኔም ሩብ?"

"አንቺም፣ እኔም።"

"እኔን ስኳር አሲዘሽኝ ነው?" አለች። ግን አቀረበችው። ጎመኑን ዙሪያውን እንደ ምንጣፍ አሳመረችው፤ የእሷ ነገር፣ ከተቃወመችው ሥራ ላይ ነው ይበልጥ የምትጠበብበት። አባዬ መጥቶ ተቀመጠና ትሪውን ዞሮ አየው። አንድ ትሪ። ከፊቱ አንድ እጥፍ።

ሁሉም ጎመኑን ከምስሩ ጋር በሹካ ጀመረ። አስቂኝ ነበር፤ ሦስት ሰው በሹካ ከአንድ ትሪ። ከዚያ እማዬ እጇን ዘረጋች። ከአባዬ እጥፍ ላይ፣ ከራሱ ድርሻ፣ ቆረሰች። ምስር አድርጋ ጠቅልላ አጎረሰችው።

ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች። "ከራሱ ነው። ይቆጠራል?"

"አይቆጠርም" አልኳት።

አባዬ እያኘከ መስኮቱን ያይ ነበር።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ኢድ። አባዬ ለእትዬ ሲቲ ደወለ። ስፒከር ላይ ነበር።

"እንኳን አደረሰሽ ሲቲ።"

"እንኳን አብሮ አደረሰን። ፈቃድህ መቼ ነው የሚያልቀው? ይሄ ልጅ እኮ ያንገጫግጨናል። ትናንት ሻንጣዬ ከመነጽሬ ቀድሞ ወደቀ።"

አባዬ ሳቀ። ስልኩን ከዘጋ በኋላም ፈገግታው ፊቱ ላይ ቆየ።

መጋቢት 13፣ እሑድ

ትናንት ለማራናታ ሁሉንም ነገርኳት። ስላይዱን እንደማላቀርበው፣ ያ መቶ ስምንት ድል እንዳልነበር፣ ክኒን የሚወስድ ደንበኛ ሁሉ ሐኪሙን ሳይነግር እህል እንዳያቆም ማስጠንቀቅ እንዳለብን።

በእስክሪብቶዋ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች።

"ደንበኛ ብር ከፍሎ 'ትንሽ ቂንጬ ብላ' ሊባል ይመጣል ብለሽ ታስቢያለሽ?"

"በጾሙ ስንት ደንበኛ ቀረብን?" አልኳት።

ብዙ እንደቀሩ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ጎመን ሰልችቷቸው። ስወጣ ከኋላዬ "የጾም ሜኑ ሠርተሽ አምጪ፣ አየዋለሁ" አለችኝ። የሙከራ ጊዜዬ ተራዘመ። አልተባረርኩም፣ አልተቀጠርኩም። ገርሞኛል፤ እንዳሰብኩት አላስጨነቀኝም።

ሁለቱ ሳምንት አለፈ፤ ነገ ሥራ ይገባል። ሐኪሙ ልኬቶቹን አይቶ "ንዳ" ብሏል። ሁኔታ አለው፦ መሪ ከመያዙ በፊት ይለካል፣ ይበላል።

መጋቢት 14፣ ሰኞ

ለካ። በላ። ቂንጬ። ኪሱ ውስጥ ለውዝ፣ ከረሜላም ጭምር፤ አሁን እኔ ነኝ ያስያዝኩት። ሰርቪሱ ከታች ሲነሳ አልነጠረም። እማዬ በረንዳው ላይ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ነበር።

መጋቢት 26፣ ቅዳሜ

ሁሉም ቀን ጥሩ አይደለም። ሐሙስ ከለቅሶ ቤት ሲመለስ ከፍ ብሎ ነበር፤ ንፍሮ፣ ከዚያ እንጀራ፣ ከዚያ ሰው "ብላ እንጂ"። እኔ ልቆጣ ስል ራሱ "ሁለት ሩብ ሆነብኝ" አለ። ሳልጠይቀው። በከረሜላው ጊዜ ይህን ሊለኝ አልቻለም ነበር።

ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ

ዶሮ፣ እንቁላል፣ ድፎ ዳቦ። እንቁላሉን በልቶ፣ ዶሮውን በሩቡ በልቶ፣ ከዳቦው ደግሞ ጣት የምታህል ቆረሰ። አየኝ። መስኮቱን አየሁ። እህሉ እንዲህ ነው የሚገባው ለካ፤ አንዳንድ ቀን በር ተከፍቶለት።

ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ

ሰባት ነጥብ ሰባት።

ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለቴ አየው። "ገና ይቀራል" አለ። "ግን ቁጥሩ እዚህ የደረሰው ቀስ ብሎ፣ መሬት ረግጦ ነው። ኢንሱሊን አሁን አያስፈልግህም። አንድ ቀን ካስፈለገም ቅጣት እንዳይመስልህ።" አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ቤት ስንደርስ ደረጃው ላይ ቆመ። ልክ በጥር እንደቆመው።

"የሰርቪሱ ግሩፕ ቴሌግራም ላይ አለ አይደል?" አለኝ። "ጻፊልኝ። እኔ እነግርሻለሁ።"

"አሁን?"

"አሁን። ከቆየሁ ይጠፋኛል።"

ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ነው የጻፍነው። እሱ እየተናገረ፣ እኔ እየነካሁ። መሃል ላይ "እንደዚህ ትላለህ?" ስለው "እንደዚህ እላለሁ" ይላል። እዚህም ገልብጬዋለሁ፦

"የሰርቪስ ቤተሰቦቼ፣ እሸቴ ነኝ። ያን ቀን ጉርድ ሾላ ላይ የተበላሸው መኪናው አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ። ስኳር አለብኝ። ከእናንተ ደበቅኩ፣ ለልጄም ዋሸሁ፣ ለዚህ ይቅርታ። አሁን ሐኪሙ ፈቅዶልኛል፣ ሳልለካና ገብሴን ሳልበላ መሪ አልይዝም፤ ማየት የሚፈልግ ጠዋት ቀድሞ ይምጣ፣ አሳየዋለሁ። እንጀራ አልተውኩም። ሩብ ነኝ። ከእናንተ መሃል እንደኔ የደበቀ፣ ወይም ቤቱ በሽታውን የደበቀ ሰው ያለው ካለ፣ ሲቲ ከነገ ጀምሮ የፊት ወንበሯን ትለቅለታለች። አጠገቤ ይቀመጥና በመንገዱ እናወራለን። እናንተስ ቤት ትሪው እንዴት ይቀርባል? ስንት ትቆርሳላችሁ? እዚሁ ጻፉልኝ።"